በስልክ መድን ስለምትሸጥ ልጃችን

ባለፈው የትንሣኤ በዓል የእኅታችን ልጅ ከአዲስ አበባ ወደ አማኑኤል መጥታ ሰንብታ ነበርና፣ ስለ እርሷና ስለ ሥራዋ በዚህ ገጽ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ልጅቱ ከመኪና ወርዳ ከቤት በገባች ጊዜ የእናቷን ጉልበት ስማ «እንደ ምን ሰነበታችሁ» ብትል፣ ድምፅዋ ሻክሮ ግማሹ ከጉሮሮዋ ሳይወጣ ቀረ። እናቷም ብርድ የመታት መስሏት ዳማከሴ ልትቈርጥላት ወደ ጓሮ ወጣች። ልጅቱ ግን ፈገግ ብላ፣ «እማዬ፣ ብርድ አይደለም፤ ሥራዬ ነው» አለች።

ከዚያ በፊት ስለ ሥራዋ የምናውቀው «ኢንሹራንስ ቤት ገብታለች» የሚለውን ብቻ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ፈልጋ ያጣች ልጅ ስለ ሆነች፣ ኢንሹራንስ ቤት መግባቷ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ደስታ ሆኖ ነበር። እናቷም ልጇ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ ማኅተም የምትመታ መስሏት ለጎረቤቱ ስታወራ ከርማለች። አሁን ግን ልጅቱ የሥራዋን ነገር ብትጠየቅ፣ «የጥሪ ማእከል በሚባል ክፍል ተቀምጬ ለማላውቃቸው ሰዎች ስልክ እየደወልሁ መድን እንዲገቡ እለምናለሁ» ብላ መለሰች። «እለምናለሁ» ያለችው በቀልድ ነበር፤ ነገር ግን በቤቱ የነበሩት ሁሉ ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። ከዘመዶቻችን አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የተከበሩ ሰው፣ የያዙትን የጠላ ዋንጫ አስቀምጠው፣ «እንግዲህ ያን ሁሉ ዘመን የተማረችው ደጅ ለደጅ ለመለመን ኖሯል?» አሉ። እናቷም አንገቷን ደፋች።

በዓሉ በዚህ ነገር ደብዘዝ እንዳለ ዋለ። ማታ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ልጅቱን ከእሳቱ ዳር አስቀምጠን፣ ሥራዋን ከጧት እስከ ማታ እንደ ምስክር ቃል ከመጀመሪያው አንሥታ እንድትነግረን ጠየቅናት። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንተዳደር ስለ ሆንን፣ ሰው ሲናገር ማቋረጥ አንወድም፤ እርሷም ሌሊቱ እስኪጋመስ ድረስ ነገረችን።

ክፍሉ ከሕንጻው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። መስኮቱ የመንገዱ ጩኸት እንዳይገባ ሁልጊዜ ይዘጋል። ሃያ ያህል ወጣቶች፣ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶች፣ በቀጭን ሰሌዳ በተከፋፈለ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ የጆሮ ማዳመጫ በራሱ ላይ አድርጎ፣ ከፊቱ ባለው ኮምፒዩተር የስምና የቍጥር ዝርዝር ይወጣለታል። በዝርዝሩ ካሉት የሚበዙት የመኪና ባለቤቶች ናቸው፤ አንዳንዱ የመድኑ ዓመት ሊፈጸም ጥቂት ሳምንት የቀረው ነው፤ ሌላውም ሕግ የሚያስገድደውን የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ገብቶ ለራሱ መኪና ያልገባ ነው። ልጅቱ በቀን ከ80 እስከ 100 ጊዜ ትደውላለች። ግማሹ ስልኩን አያነሣም፤ ካነሡትም የሚበዙት የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ ይዘጉባታል። እስከ መጨረሻው የሚሰማት ሰው በቀን አሥር ቢገኝ መልካም ቀን ይባላል። ከአሥሩ አንዱ ወይም ሁለቱ «እሺ፣ ወረቀቱን ላኪልኝ» ያሉ እንደ ሆነ፣ አለቃዋ በአጠገቧ ሲያልፍ ጠረጴዛዋን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ ምስጋናው ይህ ነው። የወር ደመወዟ ትንሽ ስለ ሆነ፣ የቤት ኪራይዋንና የታክሲዋን የሚሸፍነው ከሽያጩ የሚታሰብላት ኮሚሽን ነው።

የሚመለስላት መልስ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ «ቍጥሬን ከማን አገኘሽው?» ብሎ ይቈጣል፤ ይህም እውነቱን ለመናገር ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በአገራችንም የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ሌላው «የእኔ መድን እግዚአብሔር ነው» ይላታል፤ እርሷም እንደ እርሱ ክርስቲያን ናትና ለዚህ የሚሆን መልስ አጥታ «አሜን» ትላለች። አንዳንዱ ወንድ ስለ መድኑ ምንም ሳይጠይቅ፣ «ድምፅሽ ደስ ይላል፤ ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?» ይላል። በዚህ ጊዜ ስልኩን መዝጋት አልተፈቀደላትም፤ አመስግና ወደ ጽሑፏ መመለስ ነው ያለባት። ጽሑፍ የምንለው ሁሉም በአንድ ቃል እንዲናገሩ ኩባንያው አዘጋጅቶ የሰጣቸውን ንግግር ነው። አንድ ቀን በዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን የአንድ ሰው ስም ጠርታ ብትደውል፣ አንዲት ሴት አንሥተው፣ «እርሱ ዐረፈ ልጄ፤ አርባው ትናንት ወጣ» አሏት። በጽሑፉ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል የለም። «ነፍስ ይማር» ብላ ዝም አለች፤ ሴትዮዋም ዝም አሉ። ሁለቱም ስልኩን ሳይዘጉ ጥቂት ቆዩ። በማታው የሥራ መዝገብ ላይ ያ ንግግር «ሽያጭ የሌለው፣ ጊዜው የረዘመ» ተብሎ ተጻፈባት።

ልመና የተባለውን ቃል ግን እኛ በቀላሉ ልናልፈው አልቻልንም። በልጅነታችን በቢቸና አገር በዲማ ጊዮርጊስ ለቅኔ ትምህርት በተቀመጥንበት ዘመን፣ አኩፋዳችንን አንግበን፣ ለውሻው በትር ይዘን፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ቍራሽ የለመንን ነን። የቈሎ ተማሪ አስቀድሞ የሚያጠናው ቅኔውን አይደለም፤ ውሻ ያለበትን ደጅ ነው፤ ደግሞም «እግዚአብሔር ይስጥልን» ሲባል መቆም የሚያዋጣበትንና መሄድ የሚሻልበትን ቤት ነው። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ አይሰማም፤ ከፍ ቢያደርግም የተኛ ሕፃን ቀስቅሶ ቍራሹ ይቀርበታል። ልጅቱ ስትናገር ይህ ሁሉ ትዝ አለንና ሳቅን፤ ለእርሷም ነገርናት። እርሷ ግን፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ቢያንስ ፊታቸውን ያዩ ነበር» አለችን።

ይህ እውነት ነው። ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። ተማሪው ቍራሹን ተቀብሎ ሲሄድ ለሰጪው የሚተውለት ምርቃት ነው፤ ምርቃቱ ሳይደርስ ቢቀር ማንም ከዳኛ ፊት አያቆመውም። መድን የምትሸጥ ልጅ ግን ገንዘቡን አስከፍላ የምትሰጠው ተስፋ ነው፤ ተስፋውም አደጋ በደረሰበት ቀን ይጠየቃል። እንግዲህ ሥራዋ ልመና አይደለም፤ ነገር ግን ከልመና ይቀላል ለማለት አንደፍርም።

መድን የሚለው ስም ራሱ ከባድ ነው። አድኀነ ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ሲሆን፣ በቀድሞው የገበያ ልማድ መድን ይባል የነበረው ለተሸጠው ነገር ኋላ ክርክር ቢነሣበት ኃላፊ የሚሆነው ዋስ ነበር። ያ መድን ቤቱና ዘመዱ የታወቀ ሰው ነበር፤ ነገር ቢመጣ ገዢው ማንን እንደሚይዝ ያውቃል። ዛሬ መድን የሚሰጠው ኩባንያ ነው። ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ያዋውል ነበር። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተቋቋመው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1951 ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. 13 ኩባንያዎች ተወርሰው፣ ኋላም በእነርሱ ፋንታ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል ቆመ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 86 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎች ተፈቅደው በርክተዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በአገራችን በዓመት ለመድን የሚከፈለው ገንዘብ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሰዉ መድን የማይወድ ሆኖ አይደለም። በአማኑኤል የእድር መዋጮውን የሚያጓድል አባወራ ብትፈልጉ በጭንቅ ታገኛላችሁ። ሞት በደረሰበት ቤት ድንኳኑ ሲተከል፣ አግዳሚው ሲደረደር፣ ጎረቤቱ ሌሊቱን ከኀዘንተኛው ጋር ሲያድር ያየ ሰው፣ የከፈለው ገንዘብ የት እንደ ገባ አይጠይቅም፤ በዓይኑ አይቶታልና። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረውና በክልላችንም በመጀመሪያ በደቡብ አቸፈር፣ በፎገራና በተሁለደሬ የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በባላገሩ ዘንድ ሥር ሊሰድ የቻለው፣ ጎረቤቱ ታሞ በመታወቂያው ሲታከም ስለ ታየ ይመስለናል። ልጃችን የምትደውለው እንግዲህ መድንን በሰው ፊት ለለመደ ሕዝብ ነው። ከእርሷ ዘንድ ድንኳን የለም፣ አግዳሚ የለም፣ ፊትም የለም፤ ያላት ድምፅ ብቻ ነው።

መድንን በስልክ መሸጥ በሌላው ዓለም የቈየ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ዳይሬክት ላይን የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1985 ተነሥቶ፣ ደላላ በመካከል ሳያስገባ የመኪና መድንን በስልክ ብቻ መሸጥ ጀመረ፤ ወጪው ስለ ቀነሰ ዋጋውም ቀነሰ፤ ሰዉም ወደደው። ነገር ግን በዚያው አገር ባንኮች ለተበዳሪዎቻቸው «ብታመሙ ወይም ከሥራ ብትወጡ ብድራችሁን ይከፍልላችኋል» እያሉ በስልክም በመስኮትም የሸጡት አንድ ዐይነት መድን ነበር። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ በግላቸው ሠርተው የሚያድሩት፣ ከመጀመሪያውም በውሉ ካሣ ሊያገኙ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። ይህ በተገለጠ ጊዜ ባንኮቹ ለሕዝቡ ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንዲመልሱ ሆነ፤ የአቤቱታውም ቀን የተዘጋው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 2019 ነው። ያን ሁሉ ውል ሲያዋውሉ የነበሩት ሠራተኞች ሁሉም ዋሾዎች ነበሩ ብለን አናምንም። የሚበዙት የተሰጣቸውን ጽሑፍ ያነበቡ፣ ያልተጻፈውንም ያልተናገሩ ሰዎች ይሆናሉ።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅቱ በዚያ ሌሊት ከነገረችን ሁሉ ከልባችን ያልወጣው የሚከተለው ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሞጣ ጤፍ እየጫነ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ የአንድ ኢሱዙ ባለቤት ደወለችለት። ሰውየው የነበረው ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። አነጋገሩ የአገሯ ሆነና ደስ አላት፤ እርሱም «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ዘሯን እስከ አያቷ ቈጠረ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ አላስፈለጋትም፤ መኪናው ቢገለበጥ፣ ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ ኩባንያው እንደሚክስ በአገሩ አነጋገር አስረዳችው። ሰውየውም ጥቂት አስቦ፣ «አንቺ ካልሽ ይሁን» አለ። መድኑ የማይከፍልባቸው ነገሮች በጽሑፉ ላይ ከሁሉ በታች የተቀመጡ ሲሆን፣ ጊዜ እንዳይወስድ «ዝርዝሩ በፖሊሲው ላይ ተገልጿል» ተብሎ እንዲታለፍ ታዝዘው ነበር። እርሷም እንደዚሁ ብላ አለፈች። ሐሰት አልነበረም፤ በእርግጥ ተገልጿል። ወረቀቱ ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ሰውየው ከቅርንጫፍ ቢሮ ቀርቦ አረቦኑን ከፈለ፤ ፈርምም በተባለበት ቦታ ፈረመ።

ከሰባት ወር በኋላ ሾፌሩ ይታመማል። ጤፉ ተጭኗል፤ ገበያው ይጠብቃል፤ የባለቤቱ አማች መንዳት ያውቃልና «እኔ ልድረስ» ይላል። አማቹ የያዘው መንጃ ፈቃድ የአውቶሞቢል እንጂ የጭነት አልነበረም። በዓባይ በረሃ ቍልቍለት ላይ መኪናው ተገለበጠ። አምላክ ይመስገን፣ የሞተ ሰው የለም፤ መኪናው ግን ከጥቅም ውጭ ሆነ። ካሣ ቢጠይቅ፣ ለተሽከርካሪው ዐይነት የሚገባ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ የደረሰ ጉዳት በመድኑ አይሸፈንም የሚል መልስ በደብዳቤ ደረሰው።

ሰውየው ወደ ጥሪ ማእከሉ ደወለ፤ ሌላ ልጅ አነሣችው። የሚፈልጋትን ልጅ ስም አላስታወሰም፤ «የአማኑኤሏን ልጅ አገናኙኝ» አለ። ልጃችን ተቀበለች። እርሷ የጠበቀችው ስድብ ነበር፤ ስድብማ ለምዳለች። እርሱ ግን ቀስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ይህን ነገር አንቺ ታውቂው ነበር ወይ?» አላት። «አዎን፣ አውቀው ነበር» አለች። ሰውየው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እሺ» አለና ስልኩን ዘጋ።

«ጋሼ» አለችን፣ «ከተሰደብሁት ስድብ ሁሉ አንዱንም አላስታውሰውም። ያንን "እሺ" ግን ጆሮ ማዳመጫውን ባደረግሁ ቍጥር እሰማዋለሁ።»

እኛም በሥራችን የዚህን ነገር ሌላ ወገን የምናውቅ ስለ ሆንን ዝም ልንል አልቻልንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1725 የመድን ውል በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ለሕዝቡ ትልቅ ጥበቃ ነው፤ በስልክ «እሺ» ያለ ሰው በዚያ ቃሉ ብቻ አይያዝምና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተጻፈውንም እንደ ጽሑፍ የሚቀበልበት መንገድ አለው፤ ይህም ቢሆን የተጻፈ ነገር ይፈልጋል። ነገር ግን ይኸው ጥበቃ ከሌላው ወገን ሲታይ አጥር ይሆናል። ክርክሩ ከችሎት ሲደርስ ዳኛው የሚያየው ወረቀቱንና ፊርማውን ነው። የአገር ልጅ በአገር አነጋገር ያለችው፣ ወይም ሳትለው ያለፈችው፣ በመዝገቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ሰውየው ገንዘቡን የሰጠው ለድምፁ ነበር፤ የተፈረደበት ግን በወረቀቱ ነው። ዳኛውም ተሳሳተ ልንል አንችልም። እንዲህ ያለውን ፍርድ በእጃችን ገልብጠን ለተረታው ሰው ስንሰጥ፣ «የት ላይ ነው የተጻፈው?» ብሎ የሚጠይቀን ሰው አይጠፋም፤ እኛም በጣታችን እናሳየዋለን።

ሻጩ ብቻ ሳይሆን ገዢውም የመናገር ግዴታ እንዳለበት ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። በንግድ ሕጉ ቁጥር 668 መሠረት ለመድን ሰጪው የሚያስፈልገውን ነገር ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። ስለዚህ በስልክ «መኪናው ስንት ዓመቱ ነው? ለምን ሥራ ይውላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ቶሎ ለመገላገል ያገኘውን የሚመልስ ሰው ራሱን ይጐዳል። ይህን በተለይ ለቤት ባለቤቶች እናሳስባለን፤ ባል በሌለበት ስልክ አንሥታ «የግል መኪና ነው» ያለች ሚስት፣ መኪናው ለኪራይ የሚሠራ እንደ ሆነ ኋላ ብዙ ነገር ሊመጣባት ይችላል።

ከአንባብያኖቻችን መካከል በእነዚህ ኩባንያዎች ቦርድ የተቀመጡ፣ ወይም በሚቈጣጠራቸው መሥሪያ ቤት ያሉ ሰዎች እንደማይጠፉ እናውቃለን። መድኑ የማይከፍልባቸው ነገሮች በአማርኛ፣ እንደየአገሩም በሌላው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ተጽፈው ከፊርማው በፊት ቢሰጡ፣ በስልክም ከዋጋው አስቀድመው ቢነበቡ ምን ያህል ወጪ ይሆናል? የእንግሊዝ አገር ሕግ እንደዚህ ያለ መድን የገባ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ በ14 ቀን ውስጥ ውሉን እንዲተው ይፈቅድለታል። ሰው በስልክ የሰማውን በቤቱ ቁጭ ብሎ ከወረቀቱ ጋር የሚያስተያይበት ጊዜ ያስፈልገዋልና፣ እንዲህ ያለው ልማድ ለእኛም የሚጠቅም ይመስለናል።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ከዚያ «እሺ» በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ድምፅዋ ጨርሶ ጠፋ፤ ሐኪሙም ጉሮሮዋ እንደ ቈሰለ ነግሮ ዝም እንድትል አዘዛት። ወደ ሥራዋ ስትመለስ መድኑ የማይከፍልባቸውን ነገሮች ከዋጋው በፊት ማንበብ ጀመረች። በዚያ ወር የሸጠችው ከግማሽ በታች ሆነ። አለቃዋ ጠርቶ፣ «ጽሑፉን ማን ለውጪ አለሽ?» አላት። ክፉ ሰው አይደለም ትላለች፤ እርሱም ከበላዩ የሚጠየቀው ኮታ አለበት። ጽሑፉን ወደ ቀድሞው ሥርዓት መለሰች፤ ነገር ግን ጥያቄ መጠየቅ አልተከለከለችምና፣ አሁን ገና ሰላምታ እንደ ሰጠች፣ «መኪናውን የሚነዳው ማን ነው? መንጃ ፈቃዱስ የምን ነው? ሾፌሩ ቢታመም የሚተካው ማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሰዎቹ ሲመልሱ ነገሩ በራሱ ይወጣል። እንደዚህም ሆኖ ከሃያው ሠራተኞች ቀድሞ ሦስተኛ ወይም አራተኛ የነበረችው ልጅ ዛሬ ከመካከል በታች ናት፤ ኮሚሽኗም እንደዚያው ነው። ወደ አማኑኤል የመጣችውም ለበዓሉ ብቻ አልነበረም፤ ሥራውን ትታ ትመለስ እንደ ሆነ እናቷን ልትጠይቅ ኖሯል።

እናቷ ምን እንዳለቻት አልሰማንም፤ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። እኛ ያየነውን እንናገር። በማግሥቱ ጧት እኒያ ልመና ነው ያሉት ዘመዳችን ከዘራቸውን ይዘው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት በብብታቸው ሸጕጠው መጡ። ልጃቸው ባጃጅ ገዝቶ የገባበት የመድን ውል ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ይህ ምን እንደሚል ንገሪኝ» አሏት። እርሷም ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ፣ እንግሊዝኛውን በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ በአማርኛ ነገረቻቸው። ባጃጁን የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ከሚፈቀደው በላይ ሰው ቢጭን፣ ከመጠጥ በኋላ ቢነዳ ምን እንደሚሆን ሁሉ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጧት፤ «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ሲሸጡለት ነግረውታል?» ብለው። ልጅቱም፣ «በፖሊሲው ላይ ተገልጿል ብለውት ይሆናል» አለች። እርሳቸው ስለ ልመናው ዳግመኛ አላነሡም፤ ሲሄዱ ግን እኅታችንን ጠርተው፣ «ለዚች ልጅ ማር በሞቀ ውሃ አድርጊላት» ብለው አለፉ።

ልጅቱ የዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች፤ እስከ ዛሬም በዚያው ሥራ ናት። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ማስገባቷንም ነግራናለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በእኅታችን ቤት ቡና ስንጠጣ የእጅ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቍጥር ነበር። እኅታችን ቀድሞ እንዲህ ያለውን ስልክ «ተሳስተሻል» ብላ የምትዘጋ ሴት ናት። አሁን ግን ስኒውን አስቀምጣ፣ ከወዲያ የምትናገረውን ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማቻት። ልጅቱ ምን እንደምትሸጥ እኛ አልሰማንም፤ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ቀጭን ድምፅ ብቻ ይሰማን ነበር። በመጨረሻ እኅታችን፣ «አልገዛም ልጄ፤ ገንዘብ የለኝም» አለቻት። ከዚያም ስልኩን ልትዘጋ ከጆሮዋ ካራቀችው በኋላ እንደ ገና መልሳ አቀረበችውና፣ «ዛሬ ውሃ ጠጥተሻል?» ብላ ጠየቀቻት።